ሕፃኗ ተመዘነች፤ እናቷስ?

ይድረስ፦ በባሕር ዳርና በጣና ዙሪያ የእናቶችንና የሕፃናትን ጤና ለምትመሩ ሁሉ
ጉዳዩ፦ ከወሊድ በኋላ ስለሚመጣ ድባቴና ሊላክ ስለታሰበው የኒውሮፊድባክ መሣሪያ

እንደምን ሰነበታችሁ?

ስሜን ያልጻፍሁት ፈርቼ አይደለም። ልጆቼ ገና ትናንሾች ናቸው፤ በኔ ምክንያት ሰፈር እንዲጠቋቆምባቸው አልፈልግም። ባሕር ዳር ተወልጄ ያደግሁ የሁለት ልጆች እናት ነኝ፤ እንጀራዬ የሒሳብ መዝገብ ነው። ሐኪም አይደለሁም። ገቢና ወጪ ሳይገጥም ሲቀር ግን ቶሎ ይታየኛል። ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝም እንዲህ ያለ ያልገጠመ ሒሳብ ነው።

ውጭ አገር ያሉ የከተማችን ልጆች ገንዘብ አዋጥተው፣ ከወሊድ በኋላ ድባቴ ለሚይዛቸው እናቶች የኒውሮፊድባክ መሣሪያ (የአንጎልን ሞገድ እየቀዳ መልሶ ለባለቤቱ የሚያሳይ) ወደ ባሕር ዳር ለመላክ እየመከሩ ነው። የነገረችኝ ታናሽ እህቴ ናት፤ ከአዋጪዎቹ አንዷም እሷው ናት። ሐሳቡ ደግ ነው። መሣሪያው ሲመጣ "አንፈልግም" በሉ ልል አይደለም። ሕመሙም መሣሪያውም በራሴ ላይ ስላለፉ (ሕመሙ በሙሉ፣ መሣሪያው በትንሹ) የትኛው መቅደም እንዳለበት የምለው አለኝ።

ሁለተኛዋን ልጄን የወለድሁት የዛሬ አራት ዓመት ነው። ምጡ አልጠናብኝም። ሦስት ጊዜ እልል ተባለ፣ ገንፎ ተገነፋ፣ ጎረቤቱ እየገባ "እንኳን ማርያም ማረችሽ" አለኝ። በሦስተኛው በአራተኛው ቀን ያለ ምክንያት እንባዬ ይመጣ ጀመር። ይህ እንኳ የሚያስደነግጥ አልነበረም። የወለደች ሴት በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሆድ ይብሳታል፤ አብዛኞቻችንን ያገኘናል፣ በሁለት ሳምንት ውስጥም በራሱ ይሄዳል። የኔ አልሄደም። ሦስተኛው ሳምንት ላይ ለቅሶው ቆመና ከለቅሶው የባሰ መጣ፤ ምንም የማይሰማኝ ሆንሁ።

አማቴ ጠዋት ጠዋት ገንፎውን መሃሉን ጎድጉደው፣ ቅቤና በርበሬ ሞልተው ያቀርቡልኛል። "ብዪ እንጂ ልጄ፣ ጡትሽ ይደርቃል" ይሉኛል። እኔ ማንኪያውን ይዤ ቅቤውን አያለሁ። መጀመሪያ ቀልጦ ያብለጨልጫል፣ ቀጥሎ ዳር ዳሩ ይነጣል፣ በመጨረሻ ይረጋል። ይህ ሁሉ እስኪሆን ቁጭ ብዬ አየዋለሁ። ልጅቱ አጠገቤ ተኝታ ስታለቅስ ድምፅዋ ከጎረቤት የሚመጣ ይመስለኛል፤ "የማን ልጅ ናት የምታለቅሰው?" ብዬ የጠየቅሁበት ቀን አለ። ቤቱ ሳቀ፤ የቀለድሁ መስሏቸው።

አንድ ቀን ጎሕ ሲቀድ ነጠላዬን ተከናንቤ ብቻዬን ወጣሁና ጣና ዳር ደረስሁ። ለምን እንደሄድሁ ዛሬም መናገር ይከብደኛል። ታንኳውን ወደ ውኃ ሊገፋ የነበረ አንድ ዓሣ አጥማጅ ቀና ብሎ አየኝና "እህቴ፣ አራስ አይደለሽም እንዴ? ይኼ ብርድ ይመታሻል፣ ተመለሽ" አለኝ። በምን እንዳወቀ እንጃ፤ የቅቤው ሽታ ይሆናል። ተመለስሁ። ለማንም አልተናገርሁም።

ቤት ውስጥ ስም አልታጣለትም። ብርድ መታት፣ ዓይን ወጋት፣ ያልበላች አራስ እንዲህ ትሆናለች። ጠበል ወሰዱኝ፤ ተጠመቅሁ፣ ዛሬም እጠመቃለሁ፤ ጠበልና መድኃኒት የሚጣሉ ነገሮች ናቸው የሚለኝን ሰው አልሰማውም። አንድ ጤና ተቋምም ሄጄ ነበር። እንቅልፍ የለኝም፣ ልቤን ይጨንቀኛል አልሁ። "የአራስ ጠባይ ነው፣ ቀስ እያለ ይለቅሻል" ተባልሁና ቫይታሚን ይዤ ወጣሁ። የተቋሙን ስም ማንሣት አልፈልግም፤ ያዘዘልኝም ሰው ክፉ አልነበረም። ከበሩ ውጭ የቆመውን ሰልፍ አይቼዋለሁና።

አሁን ወደ ሚዛኑ ልምጣ። በ45 ቀኗ ልጄን ለክትባት ወሰድኋት። ሚዛኑ ላይ ተንጠለጠለች፣ ኪሎዋ ካርዱ ላይ ተጻፈ፣ ታፋዋ ላይ ተወጋች፣ ጠብታው በአፏ ገባላት። "ጎበዝ እናት፣ ጥሩ ጨምራለች" ተባልሁ። ከሰው ፊት ለመቅረብ ስል ፊቴን ታጥቤ የክት ልብሴን ለብሼ ነበር፤ የሚያየኝ ሰው ደህና ናት ይል ነበር። ማንም አልጠየቀኝም፣ እኔም አልተናገርሁም። በአሥረኛው ሳምንት ክትባት ግን ሌላ ነርስ ተረኛ ነበረች። ካርዱን ጻፈች፣ ልትመልስልኝ እጇን ዘረጋችና መልሳ ሰበሰበችው። "ልጅሽስ ደህና ናት፤ አንቺስ ትተኛለሽ?" አለችኝ።

ይኸው ነው። ሁለት ቃል። እዚያው አግዳሚው ላይ እንባዬ ወረደ። ነርሷ እስክሪብቷን አስቀመጠች፣ ከኋላዬ ያለችውን ሴት "አንዴ ታገሽኝ የኔ እናት" አለቻትና ወደ ጓዳው ወሰደችኝ። በዚያው ሳምንት የአእምሮ ጤና ባለሙያ ዘንድ ቀረብሁ። መጀመሪያ ደሜ ተመረመረ፤ የደም ማነስና ከወሊድ በኋላ የሚመጣ የታይሮይድ እጢ መዛባት ድባቴን ስለሚመስሉ። ቀጥሎ ወደ ጡት ወተት የሚያልፈው መጠን በጣም ትንሽ የሆነ መድኃኒት ተሰጠኝ፣ በየሳምንቱም ንግግር ነበረን። ለባሌ ደግሞ ትእዛዝ ተሰጠው፦ ከሌሊቱ ውስጥ አምስት ሰዓት ሳትቋረጥ ትተኛ። የባሌ እህት መጥታ ከኛ ጋር ሰነበተች፤ ልጅቱን ለማጥባት ብቻ ታመጣልኛለች፣ ሌላውን እሷ ትችለዋለች። እውነቱን ለመናገር መድኃኒቱ ይሁን ንግግሩ ይሁን እንቅልፉ የፈወሰኝ፣ ለይቼ አላውቅም። በአራተኛው ወር ገንፎው ጣመኝ።

የእህቴ መሣሪያ የደረሰኝ በዚህ መሃል ነው። እህቴ እዚያ ስትወልድ ተመሳሳይ ነገር ገጥሟት፣ ከሕክምናዋ ጎን ኒውሮፊድባክ ሞክራ ነበርና ለኔም ቤት ውስጥ የሚደረግ ቀለል ያለ የራስ ማሰሪያ ላከችልኝ።

ለማያውቀው ላስረዳ። አንጎላችን ሲሠራ በጣም ደካማ የኤሌክትሪክ ሞገድ ያወጣል። ጀርመናዊው ሐኪም ሃንስ በርገር ይህን ከሰው የራስ ቅል ላይ መጀመሪያ የቀዳው እ.ኤ.አ. በ1924 ነው፤ ለሚጥል በሽታ ምርመራ የምናውቀው ኢኢጂ የዚያ ልጅ ነው። ኒውሮፊድባክ ይህንኑ ሞገድ እየቀዳ ወዲያው መልሶ ለባለቤቱ ያሳየዋል። ራስ ላይ ሞገዱን የሚቀዳ ኤሌክትሮድ ይለጠፋል፣ ፊት ለፊት ስክሪን አለ፤ ሞገዱ ወደሚፈለገው ሲሄድ ፊልሙ ይደምቃል ወይም ድምፅ ይሰማል፣ ሲሸሽ ይደበዝዛል። አንጎል ይህን ሽልማት እየተከተለ ራሱን ያለማምዳል ነው ነገሩ። ወደ ራስ የሚገባ ኤሌክትሪክ የለም፤ አማቴ "ልጄን ሊያነዝሯት ነው" ብለው ተጨንቀው ነበርና ይህን ደጋግሜ ነግሬያቸዋለሁ። ለድባቴ ብዙ ጊዜ የሚሞከረው ከግንባር በስተግራና በስተቀኝ ያለውን፣ አልፋ የተባለ የአንጎል ሞገድ ሚዛን ማስተካከል ነው። አንድ ዙር ሠላሳ ደቂቃ ገደማ ይወስዳል፤ ሰው ከ20 እስከ 40 ጊዜ ይመላለሳል።

የኔን ልምምድ ብትሰሙ ትስቃላችሁ። ለልጄ ክርስትና፣ ሴት ናትና በሰማንያ ቀኗ፣ ሹሩባ ተሠርቼ ቅቤ ተቀብቼ ነበር። በማግሥቱ ማሰሪያውን ግንባሬ ላይ አደረግሁት። ስልኩ "አልተገናኘም" አለኝ። አጠበቅሁት፤ "አልተገናኘም"። ለካ ቅቤው ቀልጦ ከግንባሬና ከጆሮዬ ኋላ ወርዶ ኖሯል፤ ኤሌክትሮድ ደግሞ ቅባት ካለበት ቆዳ ላይ አይዝም። በሳሙና ታጠብሁ፣ ተገናኘ። ልጅቱ አለቀሰች፣ ምልክቱ ቀላ። አነሣኋት፣ ክንዴ ሲንቀሳቀስ አሁንም ቀላ፤ ዓይን ማርገብገብና ጥርስ መንከስ እንኳ ይረብሸዋል። በመጨረሻ ተረጋግቼ ተቀመጥሁ፣ ከስልኩ ውስጥ ወፍ ዘመረልኝ። ወፏ የምትዘምረው አእምሮ ሲረጋጋ ነው ይላል መመሪያው። ከውጭ ባለው ዋርካ ላይ ያሉትም ወፎች ይጮኻሉ፣ የቱ የማን እንደሆነ ለመለየት ስታገል እንቅልፍ ይዞኝ ሄደ። ስነቃ ስልኩ ጥሩ ነጥብ ሰጥቶኛል። ለእንቅልፌ!

ይህ የክሊኒኩ መሣሪያ እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ባለሙያ አጠገብ ቢኖር እንዲህ አይሆንም። ነገር ግን ያች ወፍ ብዙ አስተምራኛለች። እንቅልፍ ያጣ ሰው የአንጎል ሞገድ ራሱ ይለወጣል። በሌሊቱ ሦስት ሰዓት ያህል እንኳ ያልተኛችን እናት አምጥታችሁ መሣሪያው ላይ ብታስቀምጧት፣ የምታነቡት ድባቴዋን ይሁን ድካሟን መለየት ይቸግራል። ያን ደግሞ ማንም ያለ ሽቦ ማወቅ ይችል ነበር፤ ቢጠይቃት።

ስለ ጥቅሙም ያነበብሁትን ሳልደብቅ ልናገር። ለድባቴ የተደረጉት የኒውሮፊድባክ ጥናቶች ጥቂትና ትናንሽ ናቸው፤ ለወለዱ እናቶች ተብሎ የተደረገው ደግሞ ከዚያም ያነሰ ነው። ሌላም ችግር አለ። ትኩረት መሰብሰብ በሚያቅታቸው ልጆች ላይ በተደረገ አንድ ጠንካራ ጥናት፣ ከፊሎቹ እውነተኛውን ልምምድ፣ ከፊሎቹ ያልታወቃቸውን የማስመሰያ ልምምድ ሠሩ፤ ሁለቱም ቡድኖች ተሻሻሉ፣ ልዩነት ግን አልታየም። ይህ ማለት ሰው አጠገብህ ተቀምጦ ሠላሳ ጊዜ ትኩረት ሲሰጥህ ይሻልሃል ማለት ሊሆን ይችላል። እህቴ ይህን ስነግራት ተቀየመችኝ። "እኔን ረድቶኛል" አለች። ረድቷት ይሆናል፤ አልካድሁም። የሚረዳው ሞገዱ ይሁን አጠገቧ የተቀመጠችው ሴት ግን በየትኛው መዝገብ ላይ እንደምጽፈው ቸግሮኛል።

እንግዲህ የምጠይቃችሁ ይህን ነው። በ45ኛው ቀን፣ ያው አግዳሚ ላይ፣ ያው ካርድ ሳይዘጋ፣ እናቲቱም ትጠየቅ። አዲስ ሕንፃ አያስፈልግም፤ እናቶች ቀድሞውንም እየመጡ ነው፣ ለልጃቸው ሲሉ ይመጣሉ። መጠየቂያው አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1987 ኤድንበርግ ላይ የተዘጋጀው መጠይቅ አሥር ጥያቄ ብቻ ነው፤ እያንዳንዱ ከ0 እስከ 3 ይሰጠዋል፣ ድምሩ ከ30 አይበልጥም። አዲስ አበባ ላይ ተፈትሾ በእናቶች መካከል ሠርቷል። ቡታጅራ ገጠር ላይ ሲፈተሽ ደግሞ በ"አዎ" ወይም "አይደለም" የሚመለሱ ሃያ ጥያቄዎች ያሉት ሌላው መጠይቅ በልጦት ተገኝቷል። ስለዚህ ለከተማው ሰፈር ለሽምብጥና ጣና ላይ ላለችው ለደቅ ደሴት አንድ ዓይነት ወረቀት አታድርጉ እላለሁ። የኛ ሴት "ድባቴ ይዞኛል" አትልም። "ሆዴን ባር ባር ይለዋል"፣ "ልቤ ይፈራል"፣ "ራሴን ያቃጥለኛል"፣ "ከሰው መቀላቀል አስጠላኝ" ትላለች። ጥያቄውም እንደዚያው ይሁን።

የዓለም ጤና ድርጅት በታዳጊ አገሮች ከወለዱ እናቶች 19.8 በመቶ የሚሆኑት የአእምሮ ሕመም፣ በአብዛኛውም ድባቴ፣ ያገኛቸዋል ይላል። ያንን የክትባት አግዳሚ አስቡት። አሥር እናቶች ልጅ ታቅፈው ቢደረደሩ ሁለቱ እንደኔ ናቸው ማለት ነው፤ የትኞቹ እንደሆኑ ግን ከልብሳቸው አይታወቅም።

አንድ ነገር አደራ። የኤድንበርጉ አሥረኛ ጥያቄ ራስን ስለመጉዳት ነው። እናቲቱ እዚያ ላይ "አዎ" ካለች የሌላው ድምር ትንሽ ቢሆን እንኳ ብቻዋን ወደ ቤት አትሸኝ። ደግሞም በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ድንገት የማይጨበጥ ወሬ የምታወራ፣ ያለ እንቅልፍ ሌሊቱን የምትዞር፣ የሌለ ድምፅ የምትሰማ አራስ ካለች፣ ያ ሌላ በሽታ ነው። ከ1,000 ወላድ አንዷን ወይም ሁለቷን ያገኛል፤ ቡዳ በላት ተብሎ የሚጠበቅ ቀን የለም፣ በዚያው ዕለት ሆስፒታል ነው። ኒውሮፊድባክ እዚያ ምንም ሥራ የለውም።

ጠይቆ መተው ደግሞ ካለመጠየቅ ይከፋል፤ "አንቺስ?" ብላችሁ ካስለቀሳችኋት በኋላ የምትልኳት ቦታ መኖር አለበት። ፈለገ ሕይወትና ጥበበ ግዮን ሆስፒታሎች ለከበደባት እናት አሉ። ለቀለለባት ግን ሁሉም ወደዚያ ይጉረፍ ማለት አይቻልም። እዚህ ላይ ፓኪስታን ገጠር የተሠራውን አንብቤ ደስ ብሎኛል። እንደኛ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ያሉ የመንደር ሴቶች አጭር ሥልጠና ወስደው ድባቴ ያለባቸውን እናቶች ቤታቸው ሄደው ያነጋግሯቸው ነበር። ልጁ ስድስት ወር ሲሞላው ከታገዙት እናቶች 23 በመቶዎቹ፣ ካልታገዙት 53 በመቶዎቹ ድባቴው አልለቀቃቸውም ነበር። ጥናቱ የታተመው እ.ኤ.አ. በ2008 ነው። ኤሌክትሮድ የለ፣ ስክሪን የለ። የኛ የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ከተጀመረ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ በየቀበሌው በሩን የምታውቅ፣ ቡና የሚጠሯት ሴት አለች። (ሥራ በዝቶባታል፤ ይህንንም አውቃለሁ። አንድ ወረቀት ስትጨምሩባት ሌላ አንድ ወረቀት አንሡላት።)

መሣሪያው ከመጣ ይምጣ። ግን የአእምሮ ሕክምና ባለሙያ ባለበት ሆስፒታል ይቀመጥ፣ በምርምር መልክ በሥነ ምግባር ኮሚቴ ታይቶ ይጀመር፣ ከመድኃኒትና ከንግግር ሕክምና ጋር እንጂ በምትካቸው አይሰጥ፣ ለእናቶችም አይከፈላቸው፣ እነሱም አይክፈሉ። ላኪዎቹን ሦስት ነገር ጠይቁልኝ፦ የሚለጠፍበት ጄል ሲያልቅ ከየት ይመጣል? ሲበላሽ ማን ይጠግነዋል? መብራት ሲጠፋስ? በየመጋዘኑ ፕላስቲኩ ሳይላጥ አቧራ የለበሰ የእርዳታ ዕቃ አይታችኋል፤ እኔም ንብረት ስቆጥር አይቻለሁ። ከዘጌ የምትመጣን እናትም አትርሱ። ጀልባው ብቻ አንድ ሰዓት ገደማ ይፈጃል፤ ጡት የሚጠባ ልጅ ታቅፋ ሠላሳ ጊዜ ትመላለስ ማለት ቀልድ ነው። መንገድ በሚዘጋበት ሰሞንማ ከከተማው ዳር እንኳ መምጣት ጭንቅ መሆኑን ታውቁታላችሁ። ለመሣሪያው ክፍል ስታዘጋጁ ደግሞ አጠገቡ ልጅ የምትይዝ ሰውና ቅቤ የሚታጠብበት ሙቅ ውኃ ይኑር። ይህን የምለው በቀልድ አይደለም።

ለእህቴም ነግሬያታለሁ። ከሚዋጣው ላይ የተወሰነው በቅድሚያ ለነርሶች ሥልጠናና ለመጠይቁ ኅትመት፣ እንዲሁም ከገጠር ለሚመጡ እናቶች የመጓጓዣ ይዋል አልኋት። "ለነርስ ሥልጠና ፎቶ የሚነሣለት ነገር የለውም፣ ሰው አያዋጣም" አለችኝ። እውነቷን ነው፤ ለዚህም ነው ደብዳቤውን ለሷ ብቻ ሳይሆን ለእናንተ የጻፍሁት። እናንተ "የምንፈልገው ይህን ነው" ብላችሁ በማኅተም ብትጽፉላቸው ይሰማሉ።

እኔ በበኩሌ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ነፃ ነኝ። በመረጣችሁት ጤና ጣቢያ የክትባት አግዳሚ ላይ ተቀምጬ፣ ከሠለጠነች ነርስ ጋር፣ ማንበብ ለማይችሉት ጥያቄዎቹን ማንበብ እችላለሁ። አማቴም አብሬ ልቀመጥ ብለዋል፤ "ልጆቻቸውን እኔ እይዝላቸዋለሁ፣ አንቺ ጠይቂያቸው" ይላሉ። ገንፎ ይዤ ልምጣ ማለታቸውን ግን አስቁሜያቸዋለሁ።

ከአክብሮት ጋር
የሁለት ልጆች እናት፣ ባሕር ዳር

ግልባጭ፦
ለመሣሪያው አዋጪዎች፣ በእህቴ በኩል
ለባሎች በሙሉ
ለዚያ ዓሣ አጥማጅ፣ ካነበበው